ከጓዳ እስከ ቆሼ፦ የምግብ ትርፍራፊና የፈቃድ ደጅ ጥናት

(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ለአዲስ አበባ መራጮች ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል)




በምርጫ ሰሞን ፓርቲዎች ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ መሬትና ስለ ኑሮ ውድነት ይናገራሉ። እኛም በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ያለንን አቋም በማኒፌስቷችን ሌሎች ክፍሎች በዝርዝር አስቀምጠናል። ዛሬ የምንናገረው ግን ብዙዎች ለምርጫ መድረክ አይመጥንም ስለሚሉት ጉዳይ ነው። ከየጓዳችን በየቀኑ ስለሚወጣው የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ ስለ ቡናው አተላ፣ ከሆቴሎች ስለሚተርፈው ምግብ፣ ከአትክልት ገበያ ስለሚጣለው የበሰበሰ ቲማቲምና ጎመን፣ በየጫት ቤቱ ደጃፍ ስለሚከመረው ገረባ ነው የምንናገረው።

ይህን ጉዳይ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ መንግሥት ለዜጋው ምን ያህል እንደሚያስብ ለማወቅ ቤተ መንግሥቱን ማየት አያስፈልግም፤ ቆሻሻውን የት እንደሚጥልና ቆሻሻውን ወደ ሀብት ልለውጥ ብሎ የተነሳን ዜጋ እንዴት እንደሚያስተናግድ ማየት ይበቃል። እኛ የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በከተማችን የምግብ ትርፍራፊን ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ የመለወጥ ሥራ ያልተስፋፋው ሕዝቡ ስላልፈለገ ወይም ዕውቀቱ ስለሌለ አይደለም። የፈቃድ አሰጣጡ ባለቤት ስለሌለው ነው። ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ለዓመታት ይጉላላል፤ ሳይጠይቅ ወንዝ ውስጥ የሚደፋው ግን ጠያቂ የለውም።

ከየት ተነሳን?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በቆሼ የደረሰውን ማንም አይረሳውም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከሟቾቹ መካከል ብዙ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኛ ዛሬ የሟቾችን ስም ለምርጫ ቅስቀሳ ልናውል አልመጣንም። ነገር ግን ከዚያ አደጋ በፊት የሆነውን ነገር ማስታወስ ግዴታችን ነው።

ከአደጋው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ቆሼን ይተካል የተባለ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ሰንዳፋ ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር። በዘመናዊ መንገድ የተሠራ ነው ተባለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የአካባቢው አርሶ አደሮች ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ፣ ጠረኑ አላስቀምጥ አለን ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ክረምት ማስወገጃው ተዘጋ፤ አዲስ አበባም በየገንዳው ቆሻሻ ተከመረባት። መኪኖቹ ተመልሰው ወደ ቆሼ ሄዱ። ቀጥሎ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ሰንዳፋ ላይ ግንባታ ነበር፤ ገንዘብም ነበር፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም አልጠፋም። የጠፋው የአርሶ አደሩ ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽና የመመካከር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ሰንዳፋ ላይ ቢከበር ኖሮ የከተማችን ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው፣ የራስን ቆሻሻ በጎረቤት ደጅ መድፋት መፍትሔ አይደለም።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነው። ፋብሪካውን አንቃወምም። ነገር ግን ማንኛዋም እናት እርጥብ እንጨት እንደማይነድ ታውቃለች። ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ፣ በአብዛኛውም ውሃ ያዘለ ነገር ነው። እርጥቡን ከደረቁ ሳይለዩ ማቃጠል እሳቱን ማዳከም ነው። ሳይለዩ መቅበርም አየር በሌለበት እንዲበሰብስ፣ የሚቀጣጠል ጋዝ እንዲፈጠርና ጥቁር ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር እንዲወርድ ማድረግ ነው። በመሆኑም በየትኛውም መንገድ ብንሄድ መጀመሪያ የምንገናኘው ከዚህ ከሚበሰብሰው ክፍል ጋር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ዓላማው ከቆሻሻ የሚመጣውን ጉዳት መከላከልና ከቆሻሻ ጥቅም ማግኘት እንደሆነ በግልጽ አስቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በቆሻሻ መሰብሰብ፣ ማጓጓዝ፣ መጠቀም ወይም ማስወገድ ሥራ የሚሰማራ ሰው ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ እንዲያወጣም ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ ሲወጣ ከሁሉ በላይ የተወራው ስለ ፌስታል ክልከላው ነው። ስለ ልጣጩ ያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በፊት በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ አካባቢ ጥበቃ አካሉ ይሁንታ እንዳይጀመር፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጡ ፈቃድ እንዳይሰጡ አዝዟል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። የሚረሳው ግን ሌላው ግማሹ ነው። ይኸው አዋጅ የጥናት ሪፖርት የቀረበለት አካል በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ወይ እንዲያጸድቅ፣ ወይ በቅድመ ሁኔታ እንዲያጸድቅ፣ ወይም እንዲከለክል አስገድዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የአዲስ አበባን አስተዳደር ጨምሮ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጡ አድርጓል፤ ያልረካ ዜጋም ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፍቷል።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ዜጋው ቀን የተቆረጠለት መልስ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያትና የይግባኝ መንገድ አለው። በተግባር ግን የሚሰማው መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ» የሚል ነው።

አንድ ምሳሌ

የፓርቲያችን የሕግ ባለሙያዎች ለተቸገሩ ማኅበራት ያለ ክፍያ ምክር ይሰጣሉ። በዚህ ሥራ ካጋጠሙን ጉዳዮች አንዱን ልንነግራችሁ እንወዳለን። የማኅበሩንም ሆነ የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አንጠራም፤ ዓላማችን ሰው መክሰስ ሳይሆን አሠራር ማሳየት ነውና።

አሥር ሆነው የተደራጁ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ወገኖች ናቸው። ከአትክልት ነጋዴዎች ትርፍራፊ ይሰበስባሉ። ገበያው ፒያሳ አትክልት ተራ በነበረበት ጊዜ ጀመሩ፤ በ2012 ዓ.ም. ገበያው በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ተከተሉት፤ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ አብረው ሄዱ። ጎመኑንና ቲማቲሙን ከእንጨት ቤት ከሚያገኙት ሰጋቱራ ጋር እያቀላቀሉ በተሰጣቸው ክፍት ቦታ ይከምሩ፣ በአካፋ ያገላብጡ ነበር። የሠሩትን ማዳበሪያ ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ይገዟቸው ነበር። ቦታውን ያገኙት በቃል ነው፤ «ለጊዜው ሥሩ» ተብለው።

ሥራው ሲያድግ ሕጋዊ መሆን ፈለጉ። እዚህ ላይ ነው ደጅ ጥናቱ የጀመረው። የንግድ ፈቃድ ሲጠይቁ «የአካባቢ ጥበቃ ይሁንታ አምጡ» ተባሉ። የአካባቢ ጥበቃውን ሲጠይቁ «ቦታው የእናንተ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አምጡ» ተባሉ። የቦታውን ማረጋገጫ ሲጠይቁ «የንግድ ፈቃድ የሌለው ማኅበር ቦታ አይሰጠውም» ተባሉ። ሦስቱም መስኮቶች አንዱ ወደ አንዱ እየላካቸው አሥራ አራት ወር አለፈ። በመካከሉ ሥራቸው ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ እንኳ መስማማት አልተቻለም። አንዱ ባለሙያ «ይህ ቆሻሻ ማስወገድ ነው» ይላል፤ ሌላው «ማዳበሪያ ማምረት ነውና የላቦራቶሪ ውጤት ያስፈልጋል» ይላል፤ ሦስተኛው «እርሻ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይላል።

ክረምት ገባ። ክምሩ ዝናብ ጠጣ። ብስባሽ ውሃ ሲበዛበት አየር ያጣል፤ አየር ሲያጣ ይከረፋል። ማኅበሩ ይህን ያውቃልና ቀደም ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ለመሥራት ጠይቆ ነበር። መልሱ «ማረጋገጫ በሌለው ቦታ ላይ ግንባታ አይፈቀድም» የሚል ነበር። ጎረቤቶች በጠረኑ ተማረሩ፤ አቤቱታ አቀረቡ። ቦታው ታሸገ።

ልብ በሉ፤ ፈቃድ ስለሌላቸው ጣሪያ መሥራት አልቻሉም፣ ጣሪያ ስለሌላቸው ክምሩ ከረፋ፣ ስለከረፋ ደግሞ ፈቃድ ተከለከሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ጎረቤቶቹ እውነታቸውን ነው፤ ልጆቻቸው በዚያ ጠረን ውስጥ ማደር አልነበረባቸውም። እያንዳንዱም ሠራተኛ የራሱን መመሪያ ገልጦ ቢያሳይ አልተሳሳተም። የተሳሳተው አሠራሩ ነው። ሦስት ትክክለኛ መልሶች ተደምረው አንድ ትልቅ በደል ሠሩ። ትርፍራፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንደሄደ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳውም ወደ ክምሩ።

ከሌሎች የምንማረው

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የተከፈተ ትልቅ የኮምፖስት ማዕከል ነበር። ከራሱ ግዛት አልፎ ከሌሎች ታላላቅ ከተሞች ጭምር የምግብ ትርፍራፊ ይቀበል ነበር። ጎረቤቶቹ በጠረኑ ተማረሩ፤ በ2014 የግዛቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን አላድስም ብሎ እንዲዘጋ አዘዘ። ትርፍራፊያቸውን ወደዚያ ይልኩ የነበሩ ከተሞች ሌላ ቦታ ፍለጋ ተሯሯጡ። ፈቃድ በችኮላ የሚሰጥና ከተሰጠ በኋላ የማይከታተሉት ከሆነ መጨረሻው ይህ ነው። ሁሉን ነገር በአንድ ቦታ ላይ መጣልም አደጋ እንዳለው ያሳያል።

በሌላ በኩል የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ፣ ከእኛ ይልቅ የተጨናነቀች ሆና ሳለ፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፈር ደረጃ በትንንሽ ቦታዎች ላይ ኮምፖስት የማምረት ሥራ ታይቶባታል። ደቡብ ኮሪያ በ2005 እ.ኤ.አ. የምግብ ትርፍራፊ በቀጥታ መሬት ውስጥ እንዳይቀበር ከልክላ፣ አብዛኛውን ወደ መኖና ማዳበሪያ ለመለወጥ በቅታለች። በአገራችንም አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ በዓለም አቀፍ ድጋፍ የከተማ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት በመለወጥ ፕሮጀክት ታቅፈው ነበር። ስለዚህ «ለኛ አገር አይሆንም» የሚል ክርክር ቦታ የለውም።

ቢመርጡን የምንሠራው

ፓርቲያችን የከተማውን አስተዳደር እንዲመራ ድምፃችሁን ከሰጣችሁት የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል።

1ኛ. አንድ መስኮት፣ አንድ ፋይል። የምግብ ትርፍራፊን ወደ ማዳበሪያ ለመለወጥ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ማመልከቻውን ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ያቀርባል። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚፈለገውን ማስረጃ የሚያሰባስበው መንግሥት ነው እንጂ አመልካቹ አይደለም። ዜጋ የመንግሥት ተላላኪ ሊሆን አይገባም።

2ኛ. ፈቃድ እንደ መጠኑ። በጓሮ፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ የሚሠራ ብስባሽ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ማሳወቅ ይበቃል። በሰፈር ደረጃ በቀን እስከ 5 ቶን የሚያስተናግድ ማኅበር አስቀድሞ በታተመ ግልጽ መመዘኛ ይመዘገባል። መመዘኛውም ጣሪያ፣ የፍሳሽ መያዣ፣ ከመኖሪያ ቤት የሚጠበቅ ርቀት፣ የክምሩን ሙቀት የሚመዘግብ መዝገብ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያልፋል። ዛሬ አሥር ሴቶች በአካፋ የሚሠሩት ሥራና አንድ ሺህ ቶን የሚቀብር ማስወገጃ በአንድ ዓይን የሚታዩበት አሠራር ይቆማል።

3ኛ. ቀን የተቆረጠለት መልስ። ሕጉ የሰጠው 15 የሥራ ቀን ይከበራል። ክልከላ ከሆነ በጽሑፍ፣ ምን ቢስተካከል እንደሚፈቀድ ጭምር ይገለጻል። ቀኑ ካለፈ ፋይሉ በራሱ ወደ ከንቲባው ጽሕፈት ቤት ይወጣል፤ ያዘገየው ኃላፊ ያስረዳል። «ዝም ካላችሁ እንደፈቀዳችሁ ይቆጠራል» የሚለውን መንገድ ግን ለትልልቆቹ ፕሮጀክቶች አንቀበልም። የአመልካቹ መብት የጎረቤቱን ጤና መብላት የለበትምና።

4ኛ. ቦታ በጽሑፍ። በቃል የተሰጠ ቦታ በቃል ይነጠቃል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ወረቀት የሌለው ሰው ምን ያህል መከራከሪያ እንደሚያጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለሰፈር ብስባሽ የሚሆን ቦታ በየክፍለ ከተማው ፕላን ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ለማኅበራት ቢያንስ ለአምስት ዓመት በውል ይሰጣል። ቆርቆሮ ጣሪያና አጥር መሥራት በዚያው ፈቃድ ውስጥ ይካተታል፤ ሌላ ደጅ አያስጠናም።

5ኛ. ጎረቤት ይሰማል። ከፈቃዱ በፊት ማስታወቂያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በቦታው ላይ ይለጠፋል፤ ነዋሪው ይሰበሰባል፤ የተናገረውም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከፈቃዱ በኋላ ቅሬታ ሲነሳ ባለሙያ በሦስት ቀን ውስጥ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል። የመጀመሪያ እርምጃው ማስተካከል ነው፤ ካልተስተካከለ ይታሸጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በብካይ ላይ አቤት እንዲል መብት ሰጥቷል። ይህን መብት በየወረዳው እናስተምራለን። በእኛ አስተዳደር ላይ እንኳ ቢሆን እንድትጠቀሙበት እንፈልጋለን።

6ኛ. ከከተማው ወሰን ውጭ ያለ ምክክር አንወጣም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ክልል በጋራ የሚወስኗቸው ጉዳዮች እንዳሉ ያውቃል። ማንኛውም ትልቅ የኮምፖስት ማዕከል ከወሰኑ ባሻገር የሚሠራ ከሆነ ከክልሉ ጋር በጽሑፍ ስምምነት፣ ከአርሶ አደሩ ጋር ደግሞ ፊት ለፊት ተነጋግረን ነው። ካሣው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ይከፈላል። ከተመረተው ማዳበሪያም ድርሻው ይሰጠዋል። ሰንዳፋ አይደገምም።

7ኛ. ገበያና ጥራት። ማዳበሪያው ካልተሸጠ ክምሩ ተመልሶ ቆሻሻ ይሆናል። የከተማው ፓርኮች፣ የመንገድ ዳር አትክልቶችና የችግኝ ጣቢያዎች የሚያስፈልጋቸውን የተፈጥሮ ማዳበሪያ በቅድሚያ ከተመዘገቡ ማኅበራት በውል ይገዛሉ። የጥራት ምርመራውን ለትንንሾቹ ማኅበራት ከተማው በነፃ ያካሂዳል። ጠርሙስ፣ ባትሪ ወይም ፌስታል የተቀላቀለበት ግን አይገዛም፤ ገበሬው ማሳ ላይ መርዝ መበተን አንሻም።

8ኛ. ቅድሚያ ለቆሼ ልጆች። በክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ወገኖች፣ በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የሽርክና ማኅበራት አባላትም ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል። አዲሶቹ ቦታዎች በቅድሚያ ለእነሱ ይሰጣሉ።

የማንዋሽባችሁ ነገር

ወገኖቻችን፣ ስንት ጊዜ ተስፋ እንደተሰጣችሁ እናውቃለን። ስለዚህ የማንችለውንም እንናገር።

ቆሼ በአንድ ዓመት ይዘጋል አንልም። ብስባሽ ምንም ጠረን አይኖረውም አንልም። በሚገባ የተያዘ ክምር፣ እርጥቡና ደረቁ ተመጣጥኖ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ፣ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲሞቅ ጀርሙም የአረሙም ዘር ይሞታል፤ በጥቂት ወራትም መጠኑ ወደ ግማሽ ወርዶ የአፈር ሽታ ያለው ጥቁር ማዳበሪያ ይሆናል። በሚገባ ያልተያዘ ግን ሠፈር ያሳምማል። ልዩነቱ ያለው በሙያና በቁጥጥር ላይ ነው። ቁጥጥር ደግሞ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያ ደመወዝ ይፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለዓመታት ከውሃ ሂሳብ ጋር አብራችሁ የከፈላችሁት የቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ አለ። ምን ያህል እንደተሰበሰበና ምን ላይ እንደዋለ በየዓመቱ ለሕዝብ እናሳትማለን፤ ከዚያው ላይም ለመለየትና ለብስባሽ ሥራ ድርሻ እንመድባለን።

ከእናንተም የምንጠይቀው አለ። ልጣጩን ከፌስታሉና ከጠርሙሱ መለየት የሚጀምረው ጓዳ ውስጥ ነው። የትኛውም መንግሥት በየቤቱ ገብቶ አይለይላችሁም። እናንተ ለይታችሁ ስታወጡ መኪናው መልሶ አንድ ላይ የሚያቀላቅለው ከሆነ ግን ድካማችሁ መና ይቀራል። ስለዚህ የሚለየው ሰው ያለው ለየብቻ የሚወስድ ጋሪ፣ ጋሪው የሚደርስበት ቦታ፣ ቦታው ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ ሲኖረው ነው ሰንሰለቱ የሚሠራው። አንዷ ቀለበት ስትበጠስ ሁሉም ይበጠሳል። ለዓመታት የተበጠሰችውም ያቺው የፈቃዷ ቀለበት ናት።

በመጨረሻ

በቋንቋችን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቆሻሻችንን የምንጨምርበትን ትልቁን ጆንያ «ማዳበሪያ» እንለዋለን። ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛው ማዳበሪያ የመጣበት ጆንያ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ገበሬያችን ምን ያህል እንደተጨነቀ ታስታውሳላችሁ። እኛ ደግሞ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን «ማዳበሪያ» ውስጥ ከትተን፣ አፉን በሲባጎ አስረን፣ ወደ ክምሩ እንልካለን። በእርግጥ የከተማ ብስባሽ የውጭውን ማዳበሪያ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ የተጎዳውን አፈር ግን ያክማል፣ ውሃም እንዲይዝ ያደርጋል፣ ለሥራ አጡ ወጣትም እንጀራ ይሆናል።

ይህን የሚያግደው የሰማይ ቁጣ አይደለም። ሦስት መስኮቶች እርስ በርሳቸው ስለማይነጋገሩ ነው። ሦስት መስኮቶችን ማነጋገር ያልቻለ አስተዳደር ትልልቅ ሕንፃ ቢገነባም መልካም አስተዳደር ሰፈነ አይባልም።

ለእኛ ፈቃድ ማለት ግድግዳ አይደለም። በሠራተኛው፣ በጎረቤቱና በከተማው መካከል የሚፈረም ቃል ኪዳን ነው። ሠራተኛው «ጎረቤቴን አልጎዳም» ይላል፤ ጎረቤቱ «ተሰምቻለሁ» ይላል፤ ከተማውም «ቃላችሁን ሁለታችሁም እንድትጠብቁ እቆማለሁ» ይላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሌላ የቆሼ ሌሊት ሳይመጣ ይህን ቃል ኪዳን እንድንጽፍ ዕድሉን ስጡን።

በምርጫው ቀን በነፃነትና በሰላም ወጥታችሁ ድምፃችሁን ስጡ። እኛን ብትመርጡ ይህቺን ጽሑፍ አስቀምጧት፤ ከእነዚህ ስምንት ነጥቦች የትኛውን እንደፈጸምንና የትኛውን እንዳልፈጸምን በስም እየጠራችሁ ጠይቁን። ባትመርጡንም ይህንኑ ጥያቄ ለሚመረጠው አቅርቡለት። ጥያቄው የፓርቲያችን ሳይሆን የእናንተ ነውና።



ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!